ግማሽ ሹሩባ

ማበጠሪያው ከእማዬ እጅ ወደቀ።

እሁድ ጠዋት ነው። እሷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ እኔ ወለሉ ላይ በጉልበቶቿ መካከል ተወሽቄ ፀጉሬን እየሠራችኝ ነው። የግራውን ጎን ጨርሳ ወደ ቀኙ ዞራለች። እማዬ ስትሠራ እጇ አይጣል ነው፤ ዓይኔ ወደ ጆሮዬ እስኪሸሽ ድረስ ትስበኛለች። «ኧረ ቀስ!» ስላት «ዝም በይ፣ ቁንጅና እንዲህ ነው» ትለኛለች። ያን ቀን ግን እጇ ቀለለኝ። ደስ አለኝ እንኳ። እየቀለለ፣ እየቀለለ ሄደና ማበጠሪያው ትከሻዬን ነክቶ መሬት ላይ አረፈ። አንስቼ ሰጠኋት። አልተቀበለችኝም።

ዞር ብዬ ሳያት አፏን ወደ አንድ ጎን አጣማ ታየኛለች። ልታስቀኝ መስሎኝ ሳቅኩ። እኔም አፌን አጣመምኩላት።

ከዚያ ዓይኖቿን አየሁ። ዓይኖቿ አይስቁም ነበር።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ ሽታ ነው። ባለፈው ሳምንት ትንሿን ልጄን ጂምናስቲክ የምትሠራበት አዳራሽ ሳደርሳት የፍራሽ ጎማና የታልክ ዱቄት ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ግድግዳ ያዝኩ። «ማማ፣ ምን ሆንሽ?» አለችኝ። ምንም አልኳት። እኔ ፈሪ እናት ነኝ፤ ልጆቼ ያውቁታል። ማንኪያ ከእጃቸው ባመለጠ ቁጥር «ሳቂ እስቲ! ሁለቱንም እጅሽን አንሺ እስቲ!» እላቸዋለሁ። ሆን ብለው እየጣሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። እነሱ አፉ ተጣሞ የቀረ ሰው አይተው አያውቁም።

እኔ ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከአዲስ አበባ ሮም ከመጣሁ ገና ወራት ነበር። እማዬ ቀድማኝ መጥታ ሰው ቤት ስትሠራ እኔን አክስቴ ጋ ትታኝ ነበር። ቦሌ ስትሰናበተኝ «ለትንሽ ጊዜ ነው» አለችኝ። ትንሹ ጊዜ ሦስት ዓመት ፈጀ። ስለዚህ ከተገናኘን በኋላ ሽንት ቤት ስትገባ እንኳ በሩ ላይ ቆሜ ነበር የምጠብቃት።

የምንኖረው ኤስኲሊኖ የሚባል ሰፈር ነው፤ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አሳንሰር በሌለው አሮጌ ሕንፃ፣ አንዲት ክፍል ውስጥ። ከእኛ ጋር እትዬ ለተብርሃን ነበረች። አስመራ ተወልዳ በአማርኛ የተማረች፣ ጣሊያንኛውን ከአማርኛው ጋር እያቦካች የምታወራ፣ በር የምትሞላ ሴትዮ ናት። ቀን ከእኛ ጋር ትውልና ማታ ማታ አንዲት አሮጊት ለመጠበቅ ትሄዳለች። ያን እሁድ ጠዋት ገና አልተመለሰችም።

እናላችሁ፣ በካልሲዬ ደረጃውን ተንከባለልኩት። ታች በሩ አጠገብ ሲኞራ ፒና የሚባሉ የሕንፃው ጠባቂ ይኖራሉ፤ እዚህ ፖርቲዬራ ይሏቸዋል። ድንች እየላጡ ነበር። የማውቀው ጣሊያንኛ «ቻው» እና «ግራሲዬ» ብቻ ነው። ምን ልበላቸው? እጄን አንስቼ የገዛ ጉንጬንና አፌን ወደ ታች ጎተትኩት፤ ግማሹን ፊቴን ጎትቼ ይዤ ወደ ላይ አመለከትኳቸው።

ድንቹ ከጉልበታቸው ተበተነ። «ማዶና ሚያ!» አሉና ስልኩ ላይ ዘለሉ። ባላቸው እንደዚያ ሆነው እንደሞቱ ያወቅኩት በኋላ ነው።

ሐኪሞቹ «ኢክቱስ» አሉ፤ ዛሬ ሁላችንም ስትሮክ የምንለው ነው። ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ሥር ተዘግቶ ቀኝ እጇም ቀኝ እግሯም አልታዘዝ አላት። እትዬ ለተ ግን ሐኪሞቹን አላመነችም።

«መጋኛ ነው፤ ንፋስ ነው የመታት» አለች። «ሐሙስ ራሷን ታጥባ በእርጥቡ መስኮት ትወለውል ነበር። አልነገርኳትም?»

ሲኞራ ፒናም አጠገቧ ቆመው «ኮልፖ ዳርያ» እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ምን አሉ?» አልኳት።

«ንፋስ መታት ነው የሚሉት። አየሽ! ጣሊያንም ያውቀዋል!»

አበሻና ጣሊያን በአንድ ነገር ከተስማሙ እኔ ማን ነኝ? ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራዬ መስኮት መዝጋት ሆነ። ነርሶቹ ይከፍታሉ፣ እኔ እዘጋለሁ። የመስኮቱን ስንጥቅ ሁሉ በወረቀት ወተፍኩት። እማዬን እስከ አገጯ ጋቢ አለብሳትና አልጋዋ ሥር እንደ ድመት ቁጭ እላለሁ። ያ ንፋስ ተመልሶ ግራዋንም ሊወስድ ቢመጣ መጀመሪያ እኔን ያገኛል ብዬ።

ፀጉሬን በተመለከተም ውሳኔ ነበረኝ። ለማንም አልነገርኩትም። የጀመረችው እማዬ ናት፣ የምትጨርሰውም እሷ ናት፤ ሌላ እጅ ከገባበት የእሷ እጅ ይቀራል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። በግራ በኩል ሹሩባ፣ በቀኝ በኩል ጎፈሬ ሆኜ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ልጆቹ «ሜዛ ቴስታ!» አሉኝ፤ ግማሽ ራስ ማለት ነው። እትዬ ለተ አንድ ቀን በጉልበቷ ያዘችኝ።

«ቅማል ልታፈሪ ነው እንዴ አንቺ ልጅ? ነይ ልሥራሽ!»

«አይሆንም!»

«ኬ ቴስታ ዱራ! አንቺ ግትር! የእናትሽ ልጅ።»

ፈታችው። ስንሰቀሰቅ ግን አሳዘንኳትና ከግራ ጆሮዬ ኋላ ያለችውን አንዲቷን ሹሩባ ተወችልኝ። ያቺን በሻርፕ ሸፍኜ እንደ ክታብ ይዣት ከረምኩ።

እማዬን ከዋናው ሆስፒታል ወደ ከተማው ዳር፣ እግርና እጅ የሚያሠሩበት ክሊኒክ አዛወሯት። በሜትሮ ሄደን፣ አውቶቡስ ይዘን፣ ከዚያ ዛፍ በተተከለበት ዳገት እንወጣለን። እዚያ ነው ያ ፓሌስትራ የሚሉት አዳራሽ ያለው፤ ፍራሹ፣ ታልኩ፣ የእንጨት ደረጃው፣ እየያዙ የሚሄዱበት የብረት ድጋፉ። ሰውየውም እዚያ ናቸው። ሲኞር ኤንዞ። ጡረታ ሊወጡ የደረሱ፣ ሁልጊዜ ጥቁር ሊኩሪዝያ ከረሜላ የሚያኝኩ ሰው። ዛሬ በአንቱታ ላውራቸው እንጂ ያኔ በልቤ «አንተ» ነበር የምላቸው።

ምክንያቱም ጨካኝ መሰሉኝ። እማዬ ቁልቁል ስትንሸራተት ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ይቆማሉ እንጂ አይዟትም። ውኃ ስትፈልግ ብርጭቆውን እሩቅ ያስቀምጡታል። የወደቀ ካልሲዋን ላነሳላት ስል «ኖ! ዳ ሶላ!» ይሉኛል። ብቻዋን ማለት ነው። በእኛ ቤት ብቻዋን ማለት እርግማን ነው። ሰው ሲታመም ብቻውን አይተውም፤ ሰው ሲበላ ብቻውን አይበላም። እኚህ ሰውዬ እናቴን ብቻዋን ሊያደርጓት ነው የተነሱት አልኩ።

እማዬም ቢሆን መጀመሪያ አልወደደቻቸውም።

«ለተ፣ ለዚህ ሰውዬ ንገሪልኝ» ትላለች በዚያ በሚጎተት አፏ፣ ጭኗን በነጠላ እየሸፈነች። «የባሌን እናት እንኳ ጉልበቴን አላሳየኋትም።»

«ምን አለች?» ይላሉ እሳቸው።

«እግሬን በደንብ ያዙልኝ አለች» ትላቸዋለች እትዬ ለተ፣ እማዬን እየጠቀሰች።

አፏን የምታሠራት ሌላ ሴት ነበረች። መስታወት ፊት አስቀምጣ «ፓ፣ ፔ፣ ፒ» በይ ትላታለች። እማዬ ይህ የሕፃን ጨዋታ ሰለቻትና በራሷ መንገድ ሄደች። ከሰዓት አልጋዋ ላይ ሆና «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» ትጀምራለች፤ እኔ እከተላታለሁ። በግራ እጇ ፊደሉን ብርድ ልብሱ ላይ ትስልልኛለች። «ጰ» ላይ ስንደርስ ምራቋ ፊቴን ይረጨኝና ሁለታችንም እንስቃለን። ያን ዓመት ትምህርት ቤት ተቀመጥኩ እንጂ አልተማርኩም፤ በኋላም ትምህርትና እኔ ብዙ አልተስማማንም። ይህን የምጽፍበት ፊደል ግን ከዚያች አልጋ የተረፈኝ ነው።

አንድ ቀን አሲስቴንቴ ሶቻሌ የሚሏት መጣች። የችግረኛ ቤተሰብ ጉዳይ የምትከታተል የመንግሥት ሠራተኛ ናት። ጥሩ ሽቶ የምትሸት፣ ድምፅዋ ለስላሳ ሴት። ኮሪደሩ ላይ ከእትዬ ለተ ጋር ቆመው ተነጋገሩ። ፊታቸውን እያየሁ ነበርና «ንገሪኝ» አልኳት እትዬ ለተን።

«ምንም አይደል።»

«ንገሪኝ!»

«አሎራ፣ እሺ ስሚ። ቤቱ አሳንሰር የለውም። እኔ ማታ የለሁም። እናትሽ በራሷ እግር ካልወጣች ቤት መግባት አትችልም ነው የምትለው። ብትገባም፣ ማታ ብትወድቅ ማን ያነሳታል? አንቺ? አንቺ ድመት ታነሻለሽ?»

«እና እኔስ?»

«ከከተማ ውጭ መነኮሳት የሚያሳድጉበት ቤት አለ። እናትሽ እስክትድን። ለትንሽ ጊዜ ነው።»

ለትንሽ ጊዜ! ይህን ቃል እኔ አውቀዋለሁ። ከማንም በላይ አውቀዋለሁ።

እስከዚያ ድረስ የማድረው ሲኞራ ፒና ጋ ነበር። አሁን ግን እማዬ ከክሊኒክ የምትወጣበት ቀን የእኔም ቀን ሆነ። ደረጃውን ከወጣች ከእሷ ጋር ነኝ፤ ካልወጣች ለመነኮሳቱ ነኝ። ልብሴን ቦርሳ ውስጥ አድርጋ እትዬ ለተ ሲኞራ ፒና በር ኋላ አስቀመጠችው። ባለፍኩ ቁጥር አየዋለሁ። እሱም ያየኛል።

ይህን ከሰማን በኋላ እትዬ ለተ እማዬን በራሷ ፍጥነት ልታድናት ተነሳች። የአገር ሰዎችም በየሐሙሱና በየእሁዱ፣ የሥራ እረፍት ባላቸው ቀን፣ አልጋዋን ይከቡታል። አንዷ ታጎርሳታለች፣ አንዷ ታጥባታለች፣ አንዷ ትደግፋታለች። እማዬ ጣቷን ማንቀሳቀስ አያስፈልጋትም ነበር። ሲኞር ኤንዞ በሩ ላይ ቆመው «ሰርግ ነው እንዴ?» ይላሉ።

አንድ እሁድ እትዬ ለተ «ነይ፣ ዛሬ እስከ መስኮቱ እንሄዳለን» አለችና እማዬን በታመመው ክንዷ በብብቷ በኩል መንጭቃ አነሳቻት። ያ ክንድ የሚይዘው ጡንቻ የለም። እማዬ ጮኸች። እንደዚያ ስትጮህ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማኋትም።

ትከሻዋ አበጠ። ክንዷን በጨርቅ አንጠልጥለው አሰሩትና ሥራው ቆመ። ደረጃው ራቀ። ሲኞር ኤንዞ በቁጣ ከረሜላቸውን ተፉት፤ እትዬ ለተ ኮሪደሩ ላይ እንደ ሕፃን ታለቅስ ነበር።

«እኔ እኮ ስወዳት ነው! እህቴ እኮ ናት!»

ሽማግሌው አዩዋትና ቁጣቸው በረደ። አጠገቧ ቁጭ አሉ። ሁለቱን ትላልቅ እጆቿን ይዘው አንዱን በቀኝ የካፖርቷ ኪስ፣ አንዱን በግራ ኪሷ ከተቱላት። «እዚህ ይኑሩ» አሏት። «ከንፈርሽን ንከሺ፣ እልልታም አሰሚ፤ እነዚህ ግን እዚህ።»

ከዚያ በኋላ እትዬ ለተ ፓሌስትራው ውስጥ እጇን ኪሷ ውስጥ ቀብራ፣ ከንፈሯን ነክሳ ትቆማለች። የሁለቱም ኪሶች ስፌት ተተረተረ።

ትከሻው ሲሻላት ሲኞር ኤንዞ አዲስ ነገር አመጡ። እማዬን ከወንበር አውርደው ፍራሽ ላይ ሊያስቀምጧት ፈለጉ፤ ከመሬት መነሳትን ሊያስተምሯት። ወለሉ ላይ ስትዘረጋ ያየሁት ጊዜ ገፍትረው የጣሏት መሰለኝ። ሮጬ እጃቸውን ነከስኩት።

«አሂያ!» አሉና እጃቸውን እያራገፉ ሳቁ። «ይቺ ጉልበት አላት። ግማሹን ለእናቷ ታበድርልኝ።»

እማዬ ግን አልሳቀችም። «መሬት ላይ የሚዘረጋ ሬሳ ነው» አለች። «እኔ ገና አልሞትኩም። ወንድ ፊት እየተንፈራፈርኩ አልነሳም። በቃኝ።» ለሳምንታት ለመኗት። እምቢ። በድጋፉ መካከል ትሄዳለች፣ በከዘራ ትሄዳለች፣ መሬት ግን አትወርድም። በእንጨቱ ደረጃ ሲያለማምዷት ስትወጪ ደህናው እግር ይቅደም፣ ስትወርጂ የታመመው ይቅደም አሏት። ይህን ወዲያው ያዘችው። «ጻድቁ ወደ ላይ፣ ኃጥኡ ወደ ታች» ብላ ራሷ ተረጎመችው። የመሬቱ ነገር ሲነሳ ግን ፊቷን ታዞራለች። እኔም በልቤ ደግ አደረግሽ እላለሁ።

ሁዳዴ ሊያልቅ ሲል ሰሞነ ሕማማት ገባ። ዓርብ ስቅለት ትምህርት አልሄድኩም። እትዬ ለተ ነጠላዋን እንደለበሰች፣ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዷ በፊት እኔን ልታደርስ መጣች። ፓሌስትራ ውስጥ እማዬ ወንበር ላይ ሆና የእትዬ ለተን ነጠላ አየችው። ከዚያ፦

«ዛሬ ስቅለት ነው፤ ለተ።»

«አዎ የሺዬ።»

«ከልጅነቴ ጀምሮ ስቅለትን ሳልሰግድ ውዬ አላውቅም።»

«እግዜር ያውቅልሻል። በሽተኛ አይሰግድም።»

«ፍራሹን አምጡልኝ በያቸው።»

እትዬ ለተ ለሲኞር ኤንዞ ነገረቻቸው። ሰውየው የሰሙት አልመሰላቸውም። «ማን? እሷ? መሬት?» ፍራሹን ራሳቸው ጎትተው አመጡ። «ለምንድን ነው ዛሬ?»

«ለእግዚአብሔር ልሰግድ ነው ትላለች።»

ስግደት ሲባል አንገት ማጎንበስ መስሏቸው ነበር። እማዬ በግራ እጇ ወንበሩን ያዘች። ቀኝ ጉልበቷን ቀስ ብላ አጠፈች፤ ወረደ። ግራው ተከተለ። እጇን ፍራሹ ላይ አሳረፈች፣ ያን የታመመውንም በሌላው ጎትታ አጠገቡ አስቀመጠችው። ከዚያ ግንባሯን መሬት አስነካች።

እትዬ ለተ ኪሷ ውስጥ ጣቶቿ ሲንቀሳቀሱ ይታየኛል።

እማዬ ቆየች። እንደዚያው ትቀራለች ብዬ ፈራሁ። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ራሷን አነሳች፣ በጉልበቷ ቆመች፣ ደህናውን እግር ወደ ፊት ተከለች፣ ወንበሩን ተደገፈች። ላቧ በአፍንጫዋ ይንጠባጠባል። «ኪርያላይሶን» አለችና ተነሳች።

«ኪርዬ ኤሌይሶን» አሉ ሲኞር ኤንዞ። እኛ ዞርን። ሽማግሌው አፋቸውን ከፍተው ቀርተዋል። «ልጅ ሆኜ ቅዳሴ አገለግል ነበር» አሉ እንደ ማፈር ብለው።

እማዬ ደገመች። ወረደች፣ ተነሳች። አንዳንዴ መሃል ላይ ትቀራለች፤ እንደገና ትጀምራለች። ስንቴ እንደሆነ አልቆጠርኩም። ሲኞር ኤንዞም «ኡኖ፣ ዱዌ» ብለው መቁጠራቸውን ረስተው እሷ ስትል ይመልሱላታል። መጨረሻ ላይ ወንበሩ ላይ ስትወድቅ እንደ ወናፍ ነበር የምትተነፍሰው፤ ፊቷ ግን ሌላ ነው። ከታመመች በኋላ ያቺን እማዬን አላየኋትም ነበር። ከየት መጣች አልኩ።

«ይህን ስንት ጊዜ ትሠራላችሁ?» አሉ ሲኞር ኤንዞ።

«ቀኑን ሙሉ» አለቻቸው እትዬ ለተ።

«ሽማግሌዎቹም?»

«ሽማግሌዎቹም።»

ሰውየው አፏጩ። «ታዲያ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?»

እማዬ በላብ ርሳ ነበር። እኔ ሄጄ መስኮቱን ከፈትኩላት። ማንም ሳያዘኝ። ንፋሱ ገባ፤ የእርጥብ ሣር ሽታ ነበረው፤ እማዬ ዓይኗን ጨፍና ፊቷን ሰጠችው። ምንም አላደረጋትም።

የምትወጣበት ቀን ከፋሲካ በኋላ ነበር። መኪናው በሩ ላይ አወረደን። ያቺ ለስላሳ ድምፅ ያላት ሴት ቀድማን ደርሳ ቆማለች። ሲኞራ ፒና ከየጎረቤቱ ወንበር ለቅመው በየእረፍቱ አስቀምጠዋል። በራቸው ክፍት ስለሆነ ቦርሳዬ ይታየኛል።

«ማንም አይናገራት፣ ማንም አይንካት» አለች እትዬ ለተ፣ እጇን ኪሷ ውስጥ ከትታ፤ ከዚያ ራሷ ትናገር ጀመር። «አይዞሽ የሺዬ! ጻድቁ ይቅደም! እንደዚያ! ብራቫ!»

«ለተ፣ ዝም ካላልሽ ኃጥኡን አስቀድማለሁ» አለቻት እማዬ።

በግራ እጇ መደገፊያውን ይዛ ወጣች። ከዘራዋን እኔ ይዤ ከኋላ እከተላለሁ። የአንደኛው ፎቅ ሰዎች በር ከፈቱ፤ የሁለተኛውም። የሽንኩርት ጥብስ ሽታ፣ የሳሙና ሽታ። ወንበሮቹን አይታ አለፈቻቸው፤ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ግን ተቀመጠችና ውኃ ጠጣች። ያቺ ሴት ሰዓቷን አላየችም፤ እማዬን ነው የምታየው። ለዚህ ዛሬም አመሰግናታለሁ።

የመጨረሻው ደረጃ ጠባብ ነው። እማዬ ደህናውን እግር አወጣች፣ የታመመው ጫፉ ደረጃው ጠርዝ ላይ ተያዘ። መሬቱ ላይ ስትወርድ አየኋት። በጎኗ ወደቀች፤ የእኛ በር ሥር፣ የአራተኛ ፎቅ ወለል ላይ።

ሲኞራ ፒና ጮኹ። «ባስታ» አለች ያቺ ሴት፤ «በቃ፣ በቃ፣ አምቡላንስ እንጥራ።» እትዬ ለተ እጇን ከኪሷ አውጥታ ሁለት ደረጃ ዘለለች።

«ማንም አይንካኝ!» አለች እማዬ ከወለሉ ላይ።

ሁሉም ቆመ። እትዬ ለተ እጇ በአየር ላይ እንደተዘረጋ ቀረች። እኔ አንዲት ነገር ብቻ ነበር የማስበው፦ ብትወድቅ ማን ያነሳታል?

እማዬ በሆዷ ዞረች። ደህናውን እጅ ተከለች፣ የታመመውን አጠገቡ አመጣች። ጉልበቷ ተሰበሰበ። ለአንድ አፍታ ግንባሯ ወለሉን ነካ፤ ሲኞራ ፒና ራሷን የሳተች መስሏቸው አማተቡ። እኔ ግን ይህን አውቀዋለሁ። እኔና እትዬ ለተ እናውቀዋለን። ራሷን አነሳች። ደህናው እግር ወደ ፊት መጣ። መደገፊያውን ጨበጠች።

«ኪርያላይሶን።»

«ኪርዬ ኤሌይሶን!» አሉ ሲኞራ ፒና፣ ሳያስቡት፣ እንደ ለቅሶ።

እማዬ ቆማለች። ቀሚሷን በግራ እጇ አራገፈች። ወደዚያች ሴት ዞራ በራሷ ጣሊያንኛ፣ በዚያ ትንሽ በሚጎተት አፏ፣ «እንግዲህ ያነሳኝ እኔ ነኝ» አለቻት። «ዳ ሶላ።»

ሴትዮዋ አየቻት። ዓይኗ ረጥቧል። ከዚያ «ቫ ቤኔ» አለች። «ልጅቷ እዚህ ትቆይ።» ማስተርጎም አላስፈለገኝም።

እትዬ ለተ በዚያ ታፍኖ በከረመ እጇ አጨበጨበች፤ እልልታዋ እስከ ታች ፎቅ ወረደ። እኔ ቁልቁል ሮጥኩ። ቦርሳዬን ከሲኞራ ፒና በር ኋላ አንስቼ፣ እየጎተትኩ፣ አራት ፎቅ መልሼ ወጣሁ።

ስገባ እማዬ አልጋው ጫፍ ላይ፣ ያን ቀን በተቀመጠችበት ቦታ ተቀምጣለች። እያየችኝ ሻርፑን አውልቂ አለችኝ። ያቺን አንዲት የተንጨባረረች ሹሩባ ዳሰሰቻት።

«ይህን ማን ነው የሠራሽ?»

«አንቺ።»

«ማበጠሪያውን አምጪ።»

በጉልበቶቿ መካከል ተወሸቅኩ። ቀኝ እጇ መሥራት አልቻለም፤ ፀጉሬን ግን እንደ ችካል ይዞ ቆመ፤ ግራዋ ተማረና ገመደ። እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ይለቃል፣ መልሶ ይይዛል። ሲመሽ ራሴ ላይ የነበረው ነገር ምን እንደሚባል አላውቅም።

«ይህ ሹሩባ ነው ወይስ የበግ ገመድ?» አለች እትዬ ለተ ለሥራ እየወጣች።

«ውጪ አንቺ!» አለቻት እማዬ። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብላ «አመመሽ እንዴ?» አለችኝ።

ምንም አላመመኝም። ያን ያህል የሚስብ ጉልበት ገና አልነበራትም። «አዎ፣ በጣም» አልኳት።

«ዝም በይ፣ ቁንጅና እንዲህ ነው።»

ዝም አልኩ። ጀርባዬ ሁለቱን ጉልበቶቿን ተደግፏል፤ የታመመውም ይሞቅ ነበር። ልብሴ ከቦርሳው ወጥቶ ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል። መስኮቱ ክፍት ነው። የሚወስደኝ ሰው አልነበረም። እማዬ ጋ ነበርኩ። ደህና ነበርኩ።